112 ቀን ያለው ዓመት፦ ስለ ስታርዲው ቫሊ ቀን መቁጠሪያና በዓላት

በልጄ መኝታ ክፍል በር ጀርባ ላይ በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ረድፍ ነው፤ በየረድፉ ሰባት ሰባት ሳጥን። ከላይ «በጋ» ይላል። ጽሕፈቱ የልጄ ነው፤ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። 11ኛው ሳጥን ውስጥ ድስት ስሏል። 13ኛውና 26ኛው ውስጥ መብረቅ አለ። 28ኛው ውስጥ ያለው ሰማያዊ ክብ ግን ተቀብቶ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተቀብቶ ወረቀቱን አሳስቶታል። የወረቀቱ ወር እኛ የምንኖርበት ወር አይደለም፤ ስታርዲው ቫሊ የሚባለው ጌም ውስጥ ያለ ወር ነው። ስለዚህ ጌም ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እርሻው ነው። እኔ ግን ከልጄ ጋር ሁለት የጌም ዓመት ኖሬበት ከሁሉም በላይ የወደድኩት ቀን መቁጠሪያውን ስለሆነ ስለ እሱ ልጻፍ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ጌሙን ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቃውንም ሥዕሉንም ፕሮግራሙንም ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) አወጣው። አንድ ሰው ከአያቱ የወረሰው ያልለማ መሬት ላይ ገብቶ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ይወዳጃል። ጌሙ በ12 ቋንቋ ይገኛል፤ አማርኛ የለበትም። ስለዚህ በእኛ ቤት ጆይስቲኩን ልጄ ይይዛል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በአማርኛ አነብለታለሁ። የበዓላቱን ስም ያወጣነውም እንዲሁ እያነበብን ነው።

ዓመቱ አራት ወር ብቻ አለው፦ ፀደይ፣ በጋ፣ መፀው፣ ክረምት። ክረምት ሲባል ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ክረምት በረዶ ነው። እያንዳንዱ ወር 28 ቀን ነው፤ ዓመቱ 112 ቀን ይሆናል። ቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሄዳል፤ እስከዚያ ካልተኙ ባለታሪኩ ባለበት ይወድቃል። በእኛ ሰዓት ሲለካ አንዱ ቀን 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ዓመቱ በሙሉ ወደ 26 ሰዓት ነው። እኛ ቅዳሜና እሑድ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ስለምንጫወት አንዱን የጌም ዓመት ለመጨረስ ከሦስት ወር በላይ ወስዶብናል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወር በዘጋሁ ቁጥር የ31 ቀን ወርን ከ28 ቀን ወር ጋር ማወዳደር ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሰኞ የሚብትና እሑድ የሚያልቅ ወር ሳይ ደስ ያለኝ። እዚህ 13ኛው ቀን በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ዓመት ቅዳሜ ነው። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ሞሰስ ኮትስወርዝ በ1902 እኩል 28 ቀን ያላቸው 13 ወሮችና አንድ ተጨማሪ ቀን ያሉት ዓመት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክም ከ1928 እስከ 1989 ለውስጥ ሥራው ተጠቅሞበታል። የሒሳብ ሰው ለምን እንደወደደው ይገባኛል። ልጄ ደግሞ የወደደው በሌላ ምክንያት ነው፤ አንዴ ካጠናው አይለዋወጥበትም።

ቀን መቁጠሪያው ግን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም፤ ሰብሉን የሚያኖረውም የሚገድለውም እሱ ነው። ወሩ ባለቀ ማግስት የዚያ ወር አዝመራ በሙሉ ሜዳው ላይ ደርቆ ያድራል። ድንች 6 ቀን ይፈልጋል፣ አበባ ጎመን 12። በመጀመሪያው ፀደይ ልጄ በ17ኛው ቀን አሥር አበባ ጎመን ዘራ። በየማለዳው አጠጣ። በ28ኛው ቀን አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በማግስቱ ሲነሣ ሁሉም ግራጫ ጭድ ሆነዋል። ዝም ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ «እማዬ፣ 28 ሲቀነስ 12 ስንት ነው?» አለኝ። አሥራ ስድስት አልኩት። ወረቀቱንና እርሳሱን ያመጣው ያን ጊዜ ነው። በጌሙ ውስጥ ቀን መቁጠሪያ ከፒየር ሱቅ በር አጠገብ ተሰቅሎ አለ፤ እሱን ለማየት ግን በየቀኑ ከተማ መውረድ ያስፈልጋል። ለቤት የሚሆን ለመግዛት ደግሞ 2000 የጌም ወርቅ ይጠይቃል፤ የዚያን ጊዜ አልነበረንም። ስለዚህ የራሱን ሠራ።

በዓላቱ ከዚህ ቆጠራ ጋር የተያያዙበት መንገድ ነው ጌሙን ትልቅ የሚያደርገው። የመጀመሪያው በፀደይ 13 ይከበራል፤ የእንቁላል በዓል ነው። ልጆች አደባባይ ላይ የተደበቀ ባለቀለም እንቁላል ይለቅማሉ፤ ዘጠኝ የሰበሰበ ያሸንፋል። ለገበሬው ግን ቁም ነገሩ የእንጆሪ ዘር በዚያ ቀን ብቻ ፒየር ድንኳን ላይ መሸጡ ነው። እንጆሪ 8 ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያ በየ4 ቀኑ ይለቀማል። በዚያው ሌሊት ከዘራችሁትና ካጠጣችሁት ወሩ ሳያልቅ በ21 እና በ25 ሁለት ጊዜ ትለቅማላችሁ። ዘሩን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣችሁ ዓመት ከጠበቃችሁና በፀደይ 1 ከዘራችሁት ግን አምስት ጊዜ። አሁን መዝራት ወይስ ዓመት መጠበቅ? ልጄ ሃያ ዘር ገዝቶ አሥሩን ዘራ፣ አሥሩን አስቀመጠ። ያስቀመጠውን በየሳምንቱ ሳጥኑን ከፍቶ ያየው ነበር።

በፀደይ 24 የአበባ ጭፈራ አለ። በጫካው መሐል ባለ ሜዳ ላይ ወጣቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጨፍራሉ። አብሮ ለመጨፈር ከምትጠይቁት ሰው ጋር ቢያንስ አራት ልብ ያህል ወዳጅነት ያስፈልጋል፤ ልብ እዚህ የቅርበት መለኪያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እስከዚያ ቀን አራት ልብ ላይ መድረስ ከባድ ነው። ልጄ ኤሚሊን ጠየቀ፣ እምቢ አለችው። ጭፈራውን ከዳር ቆመን አየን። እዚህ ላይ ሠሪውን አደንቀዋለሁ። መንደሩ አዲስ ሰውን በሦስት ሳምንት የራሱ አያደርግም፤ በዓሉ ያለ እኛም ሲከበር የኖረ መሆኑ የሚሰማው በዚህ ነው። በሁለተኛው ዓመት ኤሚሊ እሺ ስትለው ልጄ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

በበጋ 11 ባሕር ዳርቻ ላይ ትልቅ ድስት ይጣዳል፤ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ እንግዳው አገረ ገዢ ይቀምሱታል። የእንግሊዝኛ ስሙ ለልጄ ምንም አልነገረውም፤ «የሾርባው ቀን» አለውና በዚያው ጸደቀ። ጥሩ ነገር ከጨመራችሁ መንደሩ ሁሉ ይወድዳችኋል፤ መጥፎ ከጨመራችሁ ሁሉም ያዝንባችኋል። አንድ ድስት ለሁሉም መሆኑን ወድጄዋለሁ።

ልደቶቹም እዚያው ቀን መቁጠሪያ ላይ ናቸው፤ ለእኔ ከበዓላቱ አያንሱም። ልጄ አሮጊቷን ኤቭሊንን «እማማ ኤቭሊን» ይላቸዋል። ልደታቸው ክረምት 20 ነው፤ ከሚወዱት ነገር አንዱ ቱሊፕ አበባ ነው። ቱሊፕ የሚበቅለው በፀደይ ብቻ ነው። ስለዚህ በበረዶው መሐል ቱሊፕ ይዞ በራቸውን ለማንኳኳት በፀደይ አስቦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልጄ አስቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ ሳጥን ውስጥ ከድንጋይና ከዓሣ ጋር የኖረች አንዲት አበባ! ሲሰጣቸው የተናገሩትን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።

መፀው ሁለት በዓል ብቻ ነው ያለው፤ የአዝመራ ወር ስለሆነ ቅር አላለኝም። በ16ኛው ቀን ትልቁ አውደ ርዕይ አለ። ዘጠኝ ዕቃ መርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራላችሁ፤ ዳኛው ጥራታቸውንም ዓይነታቸው መለያየቱንም አይቶ ነጥብ ይሰጣል። የዓመቱ ልፋት በዘጠኝ ቦታ ሲጠቀለል ማየት ደስ ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛ ወጣን፤ ዱባ ብቻ አብዝተን ነበር። በ27ኛው ሌሊት የመናፍስት ምሽት ይከበራል፤ ከአጥር የተሠራ መተላለፊያው ግራ የሚያጋባ ነው፤ መጨረሻው ላይ ወርቃማ ዱባ አለ። ልጄ እስኪወጣ ድረስ ክንዴን ይዞ ነበር።

ክረምት ሲገባ መሬቱ ይተኛል፤ ሜዳ ላይ የሚዘራ ነገር ከሞላ ጎደል የለም። በዓላቱን ቆጥሬ ያወቅሁት ነገር አለ፦ ክረምት ከሁሉም ወር ይበልጥ የበዓል ቀን አለው። በ8ኛው ቀን የበረዶ ላይ የዓሣ ውድድር፣ በ12 እና 13 የስኩዊድ ማጥመድ፣ ከ15 እስከ 17 የሌሊት ገበያ፣ በ25 የክረምት ኮከብ። ድምሩ ሰባት ቀን ነው፤ መፀው ሁለት ብቻ አለው። ገበሬው እጁ ሲፈታ ሰው ጋ ይሄዳል። የስኩዊዱ ውድድር፣ የፀደዩ የበረሃ ፌስቲቫልና የበጋው የትራውት ውድድር የተጨመሩት በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 1.6 በተባለው ማሻሻያ ነው። ቦታ አግኝተው የገቡት ባዶ ቀን ላይ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የነበረውን አንዱንም ቀን አላነቃነቁም። ልጄ ወረቀቱ ላይ የሳለው ሁሉ እንደነበረ ይሠራል ማለት ነው።

የሌሊት ገበያው በጣም ያምራል። ጀልባዎች ወደቡ ላይ ታስረው ሸቀጥ ይሸጣሉ፣ በአንዱ ውስጥ የባሕር ልጅ ትዘፍናለች፣ በሌላው ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ወደ ታች ይወስዳችኋል። ከአደባባይ በዓላቱ የሚለየው ሰዓት አለመዝለሉ ነው፤ ገብታችሁ ወጥታችሁ ሌላ ሥራ ትሠራላችሁ። የክረምት ኮከብ ደግሞ የስጦታ ቀን ነው። በ18ኛው ቀን ለማን ስጦታ እንደምትሰጡ የሚነግር ደብዳቤ ይመጣል፤ ለእናንተ ማን እንደሚሰጥ ግን አታውቁም። የእኛ የደረሰው ዊሊ ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ። ከመፀው የተረፈ ዱባ ሰጠነው፤ ዱባ በጣም ይወዳል።

ያልወደድኩትን ልናገር። የአደባባይ በዓላቱ አጭር ናቸው፤ ገብታችሁ ሁሉንም አነጋግራችሁ ስትወጡ ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ይዘላል። የቀኑ የእርሻ ሥራ ከበዓሉ በፊት ካልተሠራ ወደ ሌሊት ይገፋል ማለት ነው። በዓል ጊዜ መውሰዱ ደግ ነው፤ ግን በዓሉ ውስጥ ያለውን ጊዜ ቢያረዝመው ይሻል ነበር። ሁለተኛው ቅሬታዬ አየሩ ነው። በዋነኞቹ በዓላት ቀን ዝናብ አይዘንብም፤ አየሩ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ዝናብ ሊያበላሸው የማይችል በዓል ትንሽ ስጋቱ ይጎድለዋል፤ ሰማዩን እያዩ መጨነቅ ራሱ ከበዓል ዋዜማ የሚቆጠር ነው። የንግግሩ መደጋገምም ያሰለች ነበር፤ በ1.6 ብዙዎቹ በዓላት በየሁለተኛው ዓመት አቀማመጣቸውና ንግግራቸው ስለሚለወጥ ይህ ተሻሽሏል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የበዓላቱ ታሪክ ማነስ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል፣ ተጫዋቾቹ አብረው ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታ እንጫወት ነበር። ፎርጎትን ሪልምስ በሚባለው ዓለሙ ውስጥ የሃርፕቶስ ቀን መቁጠሪያ አለ፦ 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮች፣ አሥር አሥር ቀን ያለው ሳምንት፣ ከየትኛውም ወር ያልሆኑ አምስት የበዓል ቀናት። ከመካከላቸው አንዱ የጨረቃ ግብዣ ይባላል፤ ሙታን የሚታሰቡበት ነው። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ከበጋው አጋማሽ በዓል ማግስት አንድ ተጨማሪ ቀን ይመጣል። እያንዳንዱ ዓመትም እንደ ቁጥሩ ሁሉ የራሱ ስም አለው። በሐሳብ ደረጃ ከስታርዲው ቫሊ ይልቅ ሀብታም ነው። ሆኖም ስንጫወት በዓሉ የሚደርሰው ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ሲያስታውሰው ብቻ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አያስታውስም። እዚህ ግን ቀኑን ማንም ማስታወስ አያስፈልገውም። ራሱ ይመጣል፣ ያልጠበቀውን ሰው ጥሎ ያልፋል።

እኛንም ጥሎን አልፎ ነበር። ያ ሰማያዊ ክብ እሱ ነው።

በጋ 28 ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ መንደሩ ሁሉ ባሕር ዳር ይወጣል። በዓሉ በየዓመቱ በዚያ ሌሊት የሚያልፉ፣ ጄሊፊሽ የሚባሉ የሚያበሩ የባሕር እንስሳትን መሸኘት ነው። ቀኑ ወረቀታችን ላይ ተጽፎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግን ያን ቀን ሐብሐብ ስንለቅም ዋልን፤ ባለታሪኩ ደከመ፤ ልጄም እኔም ደከመን። ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን «አስተኛው፣ ነገም ቀን ነው» አልኩት። አስተኛው። ሲነሣ መፀው 1 ነው። ሜዳው ሞቷል፣ ዛፉ ቀልቷል፣ ጄሊፊሾቹ ሄደዋል። ልጄ ወረቀቱን አይቶ እኔን አየኝ። «መቼ ነው የሚመለሱት?» አለ። ከ111 ቀን በኋላ አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰማያዊውን ክብ ያን ጊዜ ፍቆ እንደገና ቀባው፤ ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ እንደቀባው አላውቅም።

26 ሰዓት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ለእኛ ከሦስት ወር በላይ የፈጀ መጠበቅ ነበር። ጌሙን ወደፊት የሚያስዘልል ቁልፍ የለም፤ ቀኑ አንድ በአንድ መኖር አለበት። ልጆች ሁሉን ነገር ወዲያው በሚያገኙበት ጊዜ ልጄ አንድን ሌሊት በዚያ ልክ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም። መውሰድ ላሰባችሁ የምመክረውም ይህንኑ ነው፦ ቀስ ብላችሁ ተጫወቱት። በአንድ ሳምንት ዓመቱን ከጨረሳችሁት በዓላቱ ትንንሽ ትዕይንት ሆነው ይቀራሉ። ከሕፃን ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ቀን መቁጠሪያውን እሱ በእጁ ይሥራው።

በሁለተኛው ዓመት በጋ 27 ላይ የደረሰውን ሐብሐብ በሙሉ ለቀምን። 28 ላይ ምንም ሥራ አልሠራንም። ልጄ ባለታሪኩን ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ በሚያወርደው መንገድ ወስዶ መግቢያው አጠገብ አቆመው፤ እስከ ምሽት ድረስ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ቆየ። በዓሉ ሲጀምር መንደርተኛው በሙሉ ባሕር ዳር ነበር፤ እማማ ኤቭሊንም ከባላቸው ጋር ነበሩ። ከንቲባ ሉዊስን አናግሮ ዝግጁ ነኝ አላቸው። ሻማ የበራበት ትንሽ ጀልባ ወደ ጨለማው ተለቀቀ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከታች አንድ ሰማያዊ ብርሃን መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ውኃው ሞላ። ልጄ አልተናገረም። ድምፁን ከፍ አደረገና ወደ እኔ ተጠጋ።

አስተኛውና ነቃ። መፀው 1። ደጁ ላይ የብሉቤሪው መስመር በሙሉ ግራጫ ሆኗል፤ እሱን ጠብቆት ስለነበር ቀጥ ብሎ አልፎት ሄደ። ዳር ላይ ግን በበጋ የዘራነው በቆሎ እንደቆመ ነው፤ በቆሎ በሁለቱም ወር ይኖራል። «እማዬ፣ አልሞተም!» አለ። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጦ አዲስ ወረቀት ሊያመጣ ሄደ፤ ሲመለስ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ በቆሎ መሣል ጀመረ።